ሹመትን ስለ መቀበልና ስለ አለመቀበል

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ኅሊናውን የሚያስጨንቀው ክፉውን ከበጎው የመለየት ነገር ብቻ አይደለም። ክፉ መሆኑ በግልጽ የታወቀውን ነገር መተው ለሥጋ ቢከብድም ለአእምሮ አይከብድም፤ ሰርቆ መብላት፣ በሐሰት መመስከር፣ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት ኃጢአት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አእምሮን የሚያስጨንቀው ሁለት መንገዶች በፊታችን ተዘርግተው ሁለቱም በጎ መስለው ሲታዩን፣ ወይም በሁለቱም ውስጥ በጎውና ክፉው ተቀላቅሎ ስናገኘው ነው። ከእንዲህ ያሉት ነገሮች አንዱ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው የሹመት ነገር ነው።

ሹመት ስንል የነገሥታትንና የመኳንንትን ሹመት ብቻ ማለታችን አይደለም። ብዙ ዘመን በክፍል ውስጥ ያስተማረው መምህር ርእሰ መምህር እንዲሆን ሲጠየቅ፤ በሽተኞችን ስታስታምም የኖረችው ነርስ የክፍሉ ኃላፊ እንድትሆን ሲነገራት፤ የሒሳብ ሠራተኛው የመምሪያ ኃላፊ፣ የፋብሪካው ባለሙያ የሠራተኞች አለቃ፣ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው የድጓ መምህር የከተማ ደብር አስተዳዳሪ እንዲሆን ደብዳቤ ሲደርሰው፤ ይህ ሁሉ ሹመት ነው። ሰውዬውም ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ወደ ነፍስ አባቱ ይሄድና «አባቴ፣ ልቀበል ወይስ ልተው?» ብሎ ይጠይቃል። ካህኑ በዚያች ሰዓት የሚሰጠው ምክር የአንድን ሰው ኑሮ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰው ሥር የሚያድሩትን የብዙዎችን ኑሮ የሚነካ ነውና ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በአገራችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚለው ተረት ላይ የቆመ ነው። በዚህ ተረት የሚመራ ሰው ሹመት ሲቀርብለት የሚያስበው ደመወዙን፣ መኪናውን፣ በበዓል ቀን የሚያገኘውን የክብር ስፍራና ዘመዶቹን በሥራ የሚያስገባበትን በር ነው። ሁለተኛው መልስ የዚህ ተቃራኒ መስሎ ይታያል፤ «እኔ ማን ነኝና? ይህ ለእኔ አይገባም፤ ሥልጣን ነፍስን ያጠፋል፤ አርፌ ልኑር» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እንነቅፈዋለን፤ ሁለተኛውን ግን ትሕትና ነው ብለን እናመሰግነዋለን።

ነገር ግን ሁለቱን መልሶች በሚዛን አስቀምጠን ብንመለከታቸው በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ሰው «እኔ ምን አገኛለሁ?» ይላል፤ ሁለተኛው ሰው «እኔ ምን ይደርስብኛል?» ይላል። አንዱ በጥቅሙ፣ ሌላው በዕረፍቱና በመልካም ስሙ ምክንያት ራሱን ብቻ ይመለከታል። በዚያ ሹመት ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች፣ ፍርድ ፈልገው ደጅ ስለሚጠኑት፣ መድኃኒት ስለሚጠብቁት፣ ትምህርት ስለሚፈልጉት ሰዎች አንዱም አላሰበም። እንግዲህ እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ሹመት የሚመዘነው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው። ልቀበል ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የእኔ እሺታ ወይም የእኔ እምቢታ በበታች ላሉት ምን ያመጣባቸዋል ብሎ በመጠየቅ ነው።

ይህንንም ከራሱ ከጌታችን ትምህርት እንረዳለን። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው የዘብዴዎስ ልጆች እናት ልጆቿ በመንግሥቱ አንዱ በቀኙ አንዱም በግራው እንዲቀመጡ በለመነች ጊዜ ጌታ አስቀድሞ ስለ ወንበሩ አልመለሰላትም፤ ጽዋውን መጠጣት ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቃቸው እንጂ። ዐሥሩም ደቀ መዛሙርት በተቈጡ ጊዜ በመካከላቸው ታላቅ ሊሆን የሚወድ ሰው እንዳይኖር አላዘዘም፤ ታላቅ መሆን የሚወድ አገልጋይ እንዲሆን አስተማራቸው። ስለዚህ በክርስትና ሹመት የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ትርጓሜው ተለውጧል። የአሕዛብ አለቃ ሕዝቡን ይዞ ከፍ ይላል፤ የክርስቲያን አለቃ ግን ሕዝቡን ተሸክሞ ዝቅ ይላል።

ከዚህ ቀጥለን አባቶቻችን ነቢያት ሹመት በቀረበላቸው ጊዜ ያደረጉትን እንመልከት። ሙሴ በኮሬብ ተራራ በጠራው ጊዜ ወዲያው እሺ አላለም። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 3 እና 4 እንደምናነበው ወደ ፈርዖን ለመሄድ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ቀጥሎም የላከኝ ማን ነው ልበላቸው አለ፤ ሕዝቡ እንደማያምኑት ተናገረ፤ አንደበቱ የማይፈታ መሆኑንም ገለጸ። እግዚአብሔር ለእነዚህ ሁሉ በትዕግሥት መለሰ፤ አብሮት እንደሚሆን ነገረው፤ ስሙን ገለጸለት፤ ምልክት ሰጠው፤ አንደበቱንም የፈጠረ እርሱ መሆኑን አስታወሰው። በመጨረሻ ግን ሙሴ ሌላ ሰው ላክ ባለ ጊዜ የእግዚአብሔር ቍጣ ነደደ፤ አሮንንም ቃል አቀባይ አድርጎ ሰጠው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ድካምን መግለጥ ኃጢአት አለመሆኑ ነው፤ ሹመት ሲቀርብለት «ይህን አላውቅም፤ ይህ ይጐድለኛል» ብሎ የሚናገር ሰው ቍጣ አይገባውም። ሁለተኛው፣ ሙሴ ማን ነኝ ብሎ ሲጠይቅ እግዚአብሔር አንተ ብልህ ነህ፣ አንተ ኀያል ነህ ብሎ አልመለሰለትም፤ አብሬህ ነኝ አለው እንጂ። ስለዚህ የሥራው መጽናኛ በሠራተኛው ብልሃት ላይ አልቆመም። ሦስተኛውም፣ የሚጐድለው ነገር ሁሉ ከተሟላለት በኋላ ሰው ደግሞ እምቢ ቢል፣ ያን ጊዜ ምክንያቱ ትሕትና መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ይሆናል። በግብፅ ጡብ እየረገጡ የሚጮኹትን ሰዎች ጩኸት እግዚአብሔር ሰምቶ ነበርና።

መሸሽም ብቻውን የትሕትና ማረጋገጫ እንዳይመስለን የሳኦልን ነገር እናስታውስ። ሳኦል ለመንግሥት በተመረጠ ጊዜ በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ተገኘ። ያየው ሁሉ ምንኛ ትሑት ሰው ነው ሳይል አልቀረም። ይህ ከዕቃ መካከል ተጐትቶ የወጣው ሰው ግን ኋላ ዙፋኑን የሚወስድበት መስሎት በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ፤ በየምድረ በዳውም አሳደደው። በመጀመሪያው ቀን የተሸሸገ ሁሉ በመጨረሻው ቀን በፈቃዱ ይወርዳል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰውን፣ ከሁሉ ይልቅ ራሳችንን፣ በመጀመሪያው ቀን ዐይን አፋርነት ብቻ አንመዝን።

የዚህ ነገር ጥልቅ ምሥጢር የተገለጠው በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 9 ላይ ባለው ምሳሌ ነው። የጌዴዎን ልጅ አቤሜሌክ በ70 ብር ምናምንቴዎችን ቀጥሮ ወንድሞቹን ካስገደለ በኋላ በሴኬም በነገሠ ጊዜ ከሞት ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ምሳሌ ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራን ለመኗት፤ እርሷ ግን እግዚአብሔርም ሰውም የሚከበሩበትን ቅባቷን ትታ በዛፎች ላይ ለመንሳፈፍ አልወደደችም። በለስም ስለ ጣፋጭ ፍሬዋ፣ ወይንም ስለ ወይን ጠጇ እንዲሁ መለሱ። በመጨረሻ የእሾህ ቍጥቋጦን ለመኑት። እርሱም ወዲያው ተቀበለ፤ ኑና በጥላዬ ተጠለሉ፤ ይህ ካልሆነ ግን ከእኔ እሳት ይወጣል አላቸው። እሾህ ምን ጥላ አለው? ነገር ግን ጥላ የሌለው ጥላ ሊሰጥ ተስፋ ሰጠ፤ እሳቱ ግን በእውነት ነበረው።

ይህን ምሳሌ ስናነብ በመጀመሪያ የወይራዋ መልስ ትክክል ሆኖ እናገኘዋለን። ወይራ በክብር ከፍ ካለ ሥራ የሸሸች አይደለችም፤ ሥራ አላት። ቅባት ትሰጣለች። ቅባቷን ትታ በዛፎች ላይ ብትነግሥ ዛፎቹ ንግሥት ያገኛሉ፤ ቤተ መቅደሱ ግን መብራት ያጣል። የድጓው መምህራችን ነገር እንደዚህ ነው። ድጓን ከነምልክቱ አጠናቅቆ ለማወቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ያወቀውም ሁሉ አያስተምርም። አንድ መምህር ወንበር በዘረጋበት ደብር ዙሪያ ከሩቅ አገር አኮፋዳቸውን ይዘው የመጡ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው፣ ቍራሽ ለምነው፣ ሌሊት ቀለም እየቈጠሩ ይኖራሉ። መምህሩ ወደ ከተማ ደብር አስተዳዳሪነት በሄደ ጊዜ ጉባኤው ይታጠፋል፤ ተማሪዎቹ ይበተናሉ። ደብሩ ምናልባት ጥሩ አስተዳዳሪ አግኝቶ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ምንጭ ደረቀባት። በሽተኛው በእጇ የሚድንላትን ነርስ ወደ መዝገብና ወደ ስብሰባ፣ ልጆች በልባቸው የሚሰሙትን መምህር ወደ ቢሮ ስንወስድም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ሹመት ለሚሰጡት ሁሉ አንድ ቃል መናገር ይገባናል። በብዙ መሥሪያ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ጭምር፣ ደመወዝ ከፍ የሚለው ሰው አለቃ ሲሆን ብቻ ነው። መምህሩ ማስተማሩን ቢወድ እንኳ ልጆቹ የሚበሉት ያጣሉና የማይወደውን ሹመት ይቀበላል። ይህ የመምህሩ ስስት አይደለም፤ የሥርዓቱ ጕድለት ነው። ወይራዋ ቅባቷን እንዳትተው የሚወድ ሰው ሥሯን ውኃ ያጠጣት። የመምህሩን ኑሮ ሳያደላድሉ ሹመቱን ስለ ተቀበለ መንቀፍ ግብዝነት ነው።

ነገር ግን ምሳሌው በወይራ መልስ አያበቃም። ወይራም፣ በለስም፣ ወይንም እምቢ ካሉ በኋላ ዛፎቹ ያለ ንጉሥ አልቀሩም፤ እሾህ ነገሠባቸው። የተቀመጠበት ሁሉ ወንበር ባዶ አይቀርም። ደግ ሰው እምቢ ባለ ጊዜ ወንበሩ አብሮት እምቢ አይልም፤ የሚቀመጥበትን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ወይራዋ ስለ እሾሁ ሥራ አትጠየቅም፤ እሳቱም የእሾሁና የመረጡት ሰዎች ኃጢአት ነው። ቢሆንም ሹመት የቀረበለት ሰው «እኔ ባልቀበል ማን ይቀበላል? በዚያን ጊዜ እሳቱ የሚያቃጥለው ማንን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ በጥላው አርፎ ቢቀመጥ ወንድሙን እንደ ራሱ ወደደ አይባልም።

እንግዲህ ወይራ ቅባቷን ሳትተው ዛፎቹም በእሾህ እጅ ሳይወድቁ የሚኖሩበት መንገድ አለን? አለ። ቅዱሳን ሐዋርያት አሳይተውናል። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ በዕለቱ ምግብ ዕደላ መበለቶቻቸው ችላ ተባሉ ብለው የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት የቃሉን አገልግሎት ትተው ማዕድ ማደሉን ሊመሩ አልፈቀዱም፤ ቅባታቸውን አልተዉም። ነገር ግን መበለቶቹንም አልተዉአቸውም። በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ፤ እጃቸውንም ጭነው ሾሙአቸው። እምቢታቸው በአንድ እጅ ሥራውን ሲመልስ በሌላው እጅ ሠራተኛ የሚሰጥ እምቢታ ነበር። ከሰባቱ መካከል ቅዱስ እስጢፋኖስ መገኘቱን ስናስብ ደግሞ ማዕድ ማደል ከቃሉ አገልግሎት የሚያንስ ሥራ ነው የሚለው አሳብ እንደማያስኬድ እንረዳለን። አንዱ ለአንዱ ሥራ፣ ሌላው ለሌላው ሥራ ተጠርቷል።

ከራሳችን አገር ታሪክ ደግሞ የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ኑሮ ለዚህ ነገር ብሩህ መስተዋት ነው። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ እንደ ተረከው፣ በ4ኛው ምእት ዓመት ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ በሕፃንነታቸው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ገቡ። ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ደግሞ አስተዋይነቱን አይቶ የሒሳቡና የመዛግብቱ ኃላፊ አደረገው። ንጉሡ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ወደ ወደዱት እንዲሄዱ ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ሕፃን ነበረና እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ነጻነታቸውን በእጃቸው ይዘው ሳለ ቆዩ። ልጁ ባደገ ጊዜ ግን አደራቸውን አስረክበው፣ እናትና ልጅ እንዲቀሩ ቢለምኑአቸውም፣ ተሰናብተው ሄዱ። ኤዴስዮስ ወደ አገሩ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ በኢትዮጵያ ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር መክሮ ከእርሱ የተሻለ ሰው ስላላገኘ ራሱን ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው።

የዚህን አባት አካሄድ ልብ ብለን እንመልከት። የመጀመሪያውን ሹመት በታማኝነት ሠራ። ሁለተኛውን፣ ሊሄድ ሲችል፣ የሕፃኑንና የአገሩን ችግር አይቶ ተቀበለ። ችግሩ ባለፈ ጊዜ ደግሞ ሥልጣኑ ስለ ጣፈጠው አልቀረም፤ ለባለቤቱ መለሰ። ሦስተኛውን ሹመት ሊፈልግ የሄደው ለራሱ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ሊለምን ሄዶ በራሱ ላይ ወደቀ። በሦስቱም ጊዜ ሚዛኑ አንድ ነው፤ እርሱ የሚያገኘው ሳይሆን ሕዝቡ የሚያስፈልገው ነው። መቀበልም መልቀቅም ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ እንዲህ ያማሩ ይሆናሉ።

ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስም ተመሳሳይ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ361 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ግድም አባቱ ቅስና በሾመው ጊዜ ደንግጦ ወደ ወዳጁ ወደ ቅዱስ ባስልዮስ ሸሸ። በ362 ለትንሣኤ በዓል ግን ተመለሰ፤ ስለ ምን እንደ ሸሸና ስለ ምን እንደ ተመለሰም ስለ ክህነት ታላቅነት በሚናገር ድርሰት አስረዳ። ኋላም በ381 ዓመተ ምሕረት 150 ሊቃውንት በቍስጥንጥንያ ጉባኤ በተሰበሰቡ ጊዜ በመንበሩ ምክንያት ክርክር ስለ ተነሣ የከተማይቱን ሊቀ ጳጳስነት በፈቃዱ ለቀቀ። በወጣትነቱ ሸክሙን ፈርቶ የሸሸው ሰው በሽምግልናው ሰላምን ወድዶ ለቀቀ፤ በመካከሉ ግን ሸክሙን ተሸከመ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሹመት የቀረበለት ሰው በጸሎት ፊት ቆሞ ራሱን የሚመረምርባቸውን ጥያቄዎች እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ በእኔ ሥር የሚያድሩት እነማን ናቸው? «ሠራተኞች» ብሎ በጅምላ ማሰብ አይበቃም። ዘበኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ከገጠር መጥቶ በደጅ የሚቀመጠውን ሽማግሌ አንድ በአንድ በልቡ ያስባቸው። መሾሜን ሲሰሙ ይተነፍሳሉ ወይስ ያዝናሉ? ዛሬ ያለ ሹመት ሳለ ለእነርሱ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ነገ ሲሾም ፍርድ ይሰጣቸዋል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ የምተወው ቅባት ምንድር ነው? ተተኪስ አለኝን? ተተኪ ካለው ደስ ብሎት ይሂድ። ከሌለው ተተኪ እስኪያሳድግ ድረስ ጊዜ ይለምን፤ ወይም ሁለቱን ሥራ አስተባብሮ የሚይዝበትን መንገድ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሥራውን እችለዋለሁን? ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲያስብ ጌታ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 አስተምሯል። ሒሳብ ሳያውቅ በሒሳብ ላይ የሚፈርም፣ ያላነበበውን ወረቀት የሚያጸድቅ ሰው ሌባ ባይሆንም የሌባ በር ከፋች ይሆናል። ጕድለቱ በትምህርትና በረዳት የሚሞላ ከሆነ ግን ይህ ለእምቢታ ምክንያት አይሆንም። ሙሴ አሮንን አግኝቷል፤ ኋላም በአማቱ በዮቶር ምክር የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች ሾሞ ሸክሙን አካፍሏል።

አራተኛ፣ ሹመቱ በየት በኩል መጣ? ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዴት እንደ ገሠጸው እናውቃለን። በእጅ መንሻ የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን ባለዕዳ ሆኖ ይገባል፤ የከፈለውን ከድኻው ላይ ሳይሰበስብ አይተኛም። በዘመድነት የገባም የዘመዱ እስረኛ ነው። ወንበሩን የለቀቀው ሰው በሐሰት ተከሶ ተነሥቶ እንደ ሆነ ደግሞ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ በሐሰቱ ላይ መፈረም ይሆናል።

አምስተኛ፣ ቤተ ሰቤ ምን ይሆናል? ራሱን ሳይጠይቅ በፊት ሚስቱን ይጠይቅ፤ ሴትም ብትሆን ባሏን ትጠይቅ። የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤት ሊጠብቅ እንደማይችል ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። ወደ ሩቅ ከተማ መዛወር፣ ከምሽት በፊት ቤት አለመግባት፣ ያረጁ ወላጆችን ያለ ጧሪ መተው እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠሩም። ስለ ደመወዙም ቢሆን እውነቱን ይናገር። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል ደመወዝ መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሠራተኛ ዋጋው ይገባዋልና። ነውሩ ደመወዙን ፈልጎ ሳለ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ብሎ ማስመሰሉ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደመወዙ ባነሰ ቀን ጥሪውም ያንስበታል።

ከእነዚህ ሌላ ብዙዎች የሚፈሩት፣ ነገር ግን በአፋቸው የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ይኸውም የወዳጅነት መቀዝቀዝ ነው። ትናንት አብረውት ምሳ የበሉ ጓደኞቹ ነገ በሩን አንኳኩተው ይገባሉ፤ እርሱ ሲመጣ ሳቃቸውን ያቆማሉ፤ ያረፈደውን ወዳጁን መገሠጽ፣ ዕድገት የማይገባውን የሰፈሩን ልጅ አይገባህም ማለት ይኖርበታል። ይህ በእውነት ኀዘን ነው፤ ከሹመት ጽዋ አንዱ ጕንጭም ይህ ነው። ሰው ሁሉ እንዲወደው የሚፈልግ ሰው ሹመት አይቀበል፤ ለወዳጆቹ ሲያደላ ወዳጅ የሌላቸውን ይበድላልና። ነገር ግን ይህን ኀዘን ፈርቶ ብቻ እምቢ የሚል ሰው እምቢታውን ትሕትና ብሎ አይጥራው፤ የሰው ፊት ፈራሁ ይበል እንጂ።

ምክርና ጊዜም ያስፈልጋል። ደብዳቤው በደረሰው ሰዓት ወዲያው መልስ የሚሰጥ በደስታው ወይም በድንጋጤው ይመልሳል። ጥቂት ቀን ይለምን፤ ይጸልይ፤ ነፍስ አባቱን ያማክር። ደግሞም እንደዚያ ባለ አለቃ ሥር የኖረ አንድ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሠራተኛ ፈልጎ «አለቃ ምን ሲያደርግ ትጐዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከአለቆች የማያገኘውን ትምህርት ከእርሱ ያገኛልና። ምልክት በመጠባበቅም ምርመራውን አይተው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ሰው በመረጡ ጊዜ ዕጣ የጣሉት አስቀድመው መርምረው የሚገቡትን ሁለት ሰዎች ካቆሙ በኋላ ነው፤ ምርመራው የሰው ድርሻ ነበር፤ ፍጻሜው የእግዚአብሔር።

መርምሮ የማይቀበል ሰው በግልጽ፣ በምክንያት ይመልስ፤ ቢቻለው የሚገባውን ሰው ያመልክት፤ የተሾመውንም ይርዳው። ሹመቱን እምቢ ብሎ የተሾመውን ሲያማ የሚውል ሰው ወንበሩን ተወ እንጂ ምኞቱን አልተወም። የሚቀበል ሰው ደግሞ በሙሉ ልቡ ይቀበል። «ተገድጄ ነው» እያለ አምስት ዓመት የሚያጕረመርም አለቃ ሠራተኞቹን የራሱን ሸክም ያሸክማቸዋል። የሚነሣበትንም ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስብ፤ ከእርሱ በኋላ ሥራውን የሚረከበውን ሰው ያሳድግ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ወደዚያ ወደ አሮጌው ተረት እንመለስ። ተረቱ ሹመት አላፊ መሆኑን በማስታወሱ እውነት ተናግሯል፤ የሚሾም ሁሉ ይሻራል። ነገር ግን በሚሻርበት ቀን የሚቈጨው ምን እንደ ሆነ አላወቀም። ነህምያ በይሁዳ 12 ዓመት ገዥ ሆኖ ሲኖር በሕዝቡ ላይ ሸክም ከብዶ ነበርና ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ግን እንጀራና ወይን ጠጅ፣ 40 ሰቅል ብርም ይወስዱ ነበር። ነህምያ ባለመብላቱ አልተጸጸተም፤ እንዲያውም ያን በጎ ነገር አስብልኝ ብሎ ወደ አምላኩ ጸለየ። ነቢዩ ሳሙኤልም ባረጀ ጊዜ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ፣ ማንን እንደ ጨቈነ፣ ከማን እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ ጠየቃቸው። ሕዝቡም አንድ ነገር ስንኳ እንዳልወሰደ መሰከሩለት። ከዚህ የበለጠ የጡረታ ደመወዝ የለም።

ስለዚህ ሹመት የቀረበለት ወንድማችን፣ የቀረበላትም እኅታችን፣ መልሳቸውን ከመስጠታቸው በፊት የመጨረሻውን ቀን አስቀድመው በልባቸው ይቁሙበት። በዚያን ቀን ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ያ ከገጠር የመጣው ሽማግሌ በፊታቸው ቆመው ቢጠየቁ ምን ይመሰክራሉ? ብትቀበሉ የሚመሰክሩላችሁ ከሆነ፣ ሸክሙ ቢከብድም ተቀበሉ። ባለመቀበላችሁና በቅባታችሁ ጸንታችሁ በመኖራችሁ የሚመሰክሩላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ክብሩ ቢቀርም ተዉት። ለካህናት አባቶቻችንም የምናሳስበው ይህ ነው፤ የንስሐ ልጃችሁ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ «ሹመት ያዳብር» ከማለታችሁ በፊት በደብዳቤው ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች ጠይቁት።

ፍሬምናጦስን በአክሱም ቤተ መንግሥት የጠበቀ፣ በእስክንድርያም የጠራ አምላክ ለእያንዳንዳችን የተሰጠንን ድርሻ የምናውቅበትን ማስተዋል፣ ያወቅነውንም የምንፈጽምበትን ኀይል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።